ሪሲቨሩ 31 ሳተላይት እያየ ለምን በ17ቱ ብቻ ያሰላል? ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

«ጋሼ፣ 31 እያየ የሚጠቀመው 17 ብቻ ነው፤ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

አዲስ ረዳት ወደ መስክ በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። የቅየሳ ሪሲቨር የሳተላይት ሲግናል ተቀብሎ ያለንበትን ቦታ ያሰላል፤ እሱን የምናዝዝበት የእጅ መሣሪያ፣ ኮንትሮለሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ ሪሲቨሩ የሚከታተላቸውን፣ ሌላው ለስሌት የወሰዳቸውን ሳተላይቶች ይነግረናል። ልዩነቱን ያየ ሰው ከኪሱ ገንዘብ የጎደለ ያህል ይደነግጣል፤ ወዲያው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መነካካት ይጀምራል። እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ አድርጌ ሥራ አበላሽቻለሁ፤ እሱን ሦስተኛው ደረጃ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሪሲቨሩ ለምን እንደሚመርጥ እንረዳ፤ ከዚያ በኋላ መፈተሹ ይቀላል።

ሳተላይትን መከታተል ማለት ሪሲቨሩ የዚያን ሳተላይት ኮድ ከጩኸቱ መሐል ለይቶ ይዞታል ማለት ብቻ ነው። ለስሌት ለመውሰድ ግን ሳተላይቱ በዚያች ቅጽበት የት እንደነበረ ማወቅ አለበት፤ የሳተላይቱ ሰዓት ምን ያህል እንደተዛባ ማወቅ አለበት፤ ልኬቱንም ማመን አለበት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት 20,200 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ነው። ሲግናላቸው እኛ ጋ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ የአንድ ናኖ ሰከንድ ስሕተት 30 ሴ.ሜ. ያስታል። ስለዚህ ያልተጣራ ሳተላይት ስሌት ውስጥ ማስገባት፣ ንጹሕ ውሃ በሞላው እንስራ ላይ ድፍርስ እንደመጨመር ነው።

ደግሞም ለስሌቱ ብዙ አያስፈልግም። የማናውቃቸው ቁጥሮች አራት ናቸው፤ ሦስቱ የቦታችን ኮኦርዲኔቶች፣ አራተኛው የሪሲቨሩ የራሱ ሰዓት ስሕተት። አራት ሳተላይት እነዚህን ይፈታል። ከአራት በላይ ያለው ለማጣራትና ለማጠናከር ነው። ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮ ወይም የቻይናው ቤይዱ ሲጨመር እያንዳንዱ ሥርዓት የሚሄደው በራሱ ሰዓት ስለሆነ፣ የሰዓቶቹ ልዩነት ሌላ ያልታወቀ ቁጥር ይሆናል። ጂፒኤስ ብቻ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ብቸኛ የጋሊልዮ ሳተላይት ቢመጣ፣ ያመጣው መረጃ የራሱን ሰዓት ልዩነት ለመፍታት ብቻ ያልቃል፤ ለቦታው የሚተርፍ የለውም። ስለዚህ ሪሲቨሩ ቢተወው አትደነቁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጋሊልዮ ሲመጣ ነው ጥቅሙ የሚጀምረው።

አሁን ወደ ፍተሻው እንግባ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ቀላል ናቸው፣ አብዛኛውንም ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል።

1. ድምሩን ትታችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ

የቅየሳ ኮንትሮለሮች ሁሉ የሳተላይቶች ገጽ አላቸው፤ አንዱ የሰማይ ካርታ ነው፣ ሌላው ሠንጠረዥ። ሠንጠረዡን ክፈቱና ለእያንዳንዱ ሳተላይት አራት ነገር እዩ፤ የየትኛው ሥርዓት እንደሆነ፣ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ፣ የሲግናሉን ጥንካሬ፣ ለስሌት መወሰድ አለመወሰዱን። በአንድሮይድ ስልክ የምትሠሩ ከሆነ ጂፒኤስ ቴስት የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኑ። ከሠንጠረዡ ዓምዶች በአንዱ ላይ፣ ሳተላይቱ ለስሌት ከተወሰደ ዩ የምትባለው የላቲን ፊደል ትታያለች፤ የምሕዋር መረጃው ከደረሰ ደግሞ ኢ ትጨመራለች። ኢ ኖሮ ዩ የሌለበት ሳተላይት፣ ሪሲቨሩ እያወቀ የተወው ነው።

አንድ ወጥመድ እዚሁ ልንገራችሁ። ቁጥሩ ሁልጊዜ 12 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ ሪሲቨሩ ሳይሆን መረጃውን የሚያስተላልፍበት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ሪሲቨሮች ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚነጋገሩበት ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለው ደንብ የተረቀቀው 12 ሳተላይት ብዙ በነበረበት ዘመን ነው። ጂጂኤ የሚባለው መስመር ጥቅም ላይ የዋሉትን ሲቆጥር፣ ደንቡን በጥብቅ የሚከተሉ መሣሪያዎች ከ12 አያሳልፉም። ጂኤስኤ የሚባለውም በአንድ መስመር ከ12 በላይ መዘርዘር አይችልም። ስለዚህ በ24 እያሰላ 12 ብሎ የሚጽፍ ሪሲቨር አለ። ኮንትሮለራችሁ ለዚህ ማስተካከያ ካለው፣ ጥብቁን አሠራር አጥፉና ቁጥሩን ደግማችሁ እዩ።

2. አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሡ

ሪሲቨሩ ገና እንደተከፈተ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑ ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት ትክክለኛ የምሕዋር መረጃውን፣ ኤፌሜሪስ የምንለውን፣ ራሱ ያሰራጫል። የተለመደው የጂፒኤስ መልእክት ፍጥነት በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። አንዱ ሙሉ መልእክት 1,500 ቢት ስለሆነ 30 ሰከንድ ይወስዳል፤ ኤፌሜሪስና የሰዓት ማረሚያው ከዚህ ውስጥ 18 ሰከንድ ይይዛሉ። በዚያ መሐል የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የሚያልፍ አይሱዙ ሲግናሉን ከቆረጠው፣ የጎደለው ክፍል ተመልሶ እስኪመጣ ሌላ 30 ሰከንድ መጠበቅ ነው። ሳተላይቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ «ክትትል ላይ» ተብሎ ይታያል፤ ግን የት እንዳለ ስለማይታወቅ አይሰላበትም።

ሥራ ስትጀምሩ ሪሲቨሩን መጀመሪያ ክፈቱና ትራይፖዱን፣ ፖሉን፣ ደብተሩን እስክታሰናዱ ሰማይ እያየ ይቆይ። ቀን ላይ ከተራራ ጀርባ አዲስ ሳተላይት ሲወጣም ይኸው ጥበቃ ይደገማል።

3. የማስክ ዲግሪውን እዩ፣ ግን አትንኩት

ካልተወሰዱት ሳተላይቶች ብዙዎቹ ከአድማስ 6፣ 9፣ 12 ዲግሪ ላይ ያሉ ሆነው ካገኛችኋቸው መልሱን አግኝታችኋል። ኤለቬሽን ማስክ የሚባለው ወሰን በቅየሳ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ሪሲቨሩ ይከታተለዋል፣ አያሰላበትም።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በአናታችን ካለ ሳተላይት የሚመጣ ሲግናል በታችኛው ከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ፣ ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው 2.3 ሜትር ገደማ የሚያህል መዘግየት ይገጥመዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ላይ ከእኛ በላይ ያለው አየር ስለሚሳሳ መዘግየቱ ከ2 ሜትር ያንሳል። ሳተላይቱ ወደ አድማስ ሲወርድ ግን ሲግናሉ አየሩን በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ይሰነጥቃል። በ15 ዲግሪ ላይ መዘግየቱ አራት እጥፍ፣ በ5 ዲግሪ ላይ አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። ሪሲቨሩ ይህን በሞዴል ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን የሚቀንሰው ቁጥር በገዘፈ መጠን የሚተርፈው ስሕተትም ይገዝፋል፤ አብዛኛውም ከፍታ ላይ ነው የሚያርፈው።

በጀማሪነቴ የውሃ መውረጃ ቦይ መስመር እቀይስ ነበር። አጠገቡ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ የእህል መጋዘን አለ። ፊክስ፣ ማለትም በሴንቲሜትር የሚታመን የቦታ መልስ፣ እንቢ ሲለኝ ማስኩን ከ15 ወደ 5 ዲግሪ አወረድኩት። ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ፣ ፊክስም ሰጠኝ፤ ደስ ብሎኝ ነጥቦቹን ሰበሰብኩ። በማግስቱ ማስኩን መልሼ አንዱን ነጥብ ደግሜ ብለካው ከፍታው በ7 ሴ.ሜ. ተለያየ። ለአጥር ወሰን 7 ሴ.ሜ. ይታለፍ ይሆናል፤ ውሃ በተዳፋት ለሚሄድበት ቦይ ግን ውሃው የት እንደሚቆም የሚወስን ነው። ያን ቀን የሰበሰብኩትን በሙሉ ጣልኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደገምኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ለማብዛት ብዬ ማስክ አውርጄ አላውቅም።

ማስክ ማውረድ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ወይም በፎቆች መሐል ሆናችሁ ከአምስት ሳተላይት በታች ከቀረላችሁ፣ ሌላ አማራጭም ከሌለ፣ ወደ 10 ዲግሪ አውርዱና ያንን ነጥብ ደብተር ላይ ለይታችሁ አመልክቱ። በሰማይ ካርታው ላይ ያ ዝቅ ያለ ሳተላይት ያለበትን አቅጣጫ ፈልጉና በዓይናችሁ እዩት፤ ቆርቆሮ፣ መስተዋት ወይም የውሃ ገንዳ ካለ ተዉት።

4. የሲግናሉን ጥንካሬ አንብቡ

ከፍ ብሎ እያለ ያልተወሰደ ሳተላይት ካያችሁ፣ ቀጥሎ የምታዩት የሲግናሉን ጥንካሬ ነው፤ በዲቢ-ኸርዝ ይጻፋል። ሜዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ የሚታይ ሳተላይት ከ45 እስከ 50 ይሰጣል። ከ30 በታች ከሆነ ሲግናሉ ወይ በቅጠል ተጣርቶ ወይ ከግድግዳ ተላትሞ ነው የመጣው። ብዙ ሪሲቨሮች ለዚህም ወሰን አላቸው፤ ከወሰኑ በታች የሆነውን ይተዉታል።

ተላትሞ የሚመጣው ከደካማው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ጠንካራ መስሎ ይታያል። የላትሞሽ ስሕተት በኮድ ልኬት ላይ በርካታ ሜትር ሊሆን ይችላል። በሞገድ ልኬት ላይ ግን ከሞገዱ ርዝመት ሩብ አያልፍም፤ ኤል 1 የሚባለው ዋናው የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴ.ሜ. ስለሆነ ለአንዱ ሳተላይት 5 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ለመለየት እንዲህ አድርጉ፤ ፖሉን አንድ ቦታ አቁማችሁ የዚያን ሳተላይት የጥንካሬ ቁጥር ለሁለት ደቂቃ እዩ። ከዚያ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ በሉና ደግማችሁ እዩ። ቀጥታ የሚመጣ ሲግናል ብዙም አይለወጥም። ተላትሞ የሚመጣው ከ44 ወደ 36፣ ተመልሶ ወደ 42 ሲወጣ ሲወርድ ታዩታላችሁ። በረዳትነት ላለ ልጅ ይህን ማሳየት ከሰዓት ትምህርት ይበልጣል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ይረበሻል። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዙሪያው ሜዳ ሆኖ፣ ከፍ ያሉ ሳተላይቶች ሲግናላቸው ይርገበገባል፤ ሪሲቨሩም አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቃል። ፀሐይ እንቅስቃሴዋ በበዛባቸው ዓመታት ይህ ይብሳል። እዚህ ላይ የምትለውጡት ሴቲንግ የለም። የማታ ልኬቱን ለጠዋት አሳድሩት።

5. ጤናውንና ዓይነቱን ለዩ

ከፍ ያለ፣ ጠንካራ፣ ግን ያልተወሰደ ሳተላይት ሲቀር መለያ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ33 እስከ 64 ያለ ቁጥር በኤንኤምኢኤ የማረሚያ ሳተላይት ነው። ከእኛ ሰማይ ላይ የሕንዱ ጋጋንና የአውሮፓው ኤግኖስ ይታያሉ፤ ነገር ግን ማረሚያቸው የተሰናዳው ለሕንድና ለአውሮፓ ስለሆነ ሪሲቨሩ ይከታተላቸዋል እንጂ አይገለገልባቸውም።

ከቤይዱ ደግሞ አንዳንዶቹ ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ ቆመው የሚውሉ ናቸው። ስለማይንቀሳቀሱ የስሌቱን ቅርጽ እምብዛም አይለውጡም፤ ስለዚህ አንዳንድ ሪሲቨሮች በአርቲኬ (ሁለት ሪሲቨሮችን አጣምሮ እዚያው በሴንቲሜትር በሚያሰላው አሠራር) አይወስዷቸውም።

ጤናው የተጓደለ ሳተላይትም አለ። ምሕዋሩ ሲስተካከል ወይም ሰዓቱ ሲታወክ፣ ተቆጣጣሪዎቹ «አትጠቀሙብኝ» የሚል ምልክት በመልእክቱ ውስጥ ያስገባሉ። ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ሪሲቨሩ ግን ይታዘዛል። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. የተመጠቁ ሁለት የጋሊልዮ ሳተላይቶች የተሳሳተ ምሕዋር ውስጥ ገብተው ለዓመታት እንዲህ ሆነው ኖረዋል፤ በደንብ ይሰማሉ፣ ግን አይሰላባቸውም። አንዳንድ ኮንትሮለሮች የጤና ምልክቱን ችላ ለማለት ይፈቅዳሉ። ይህን በፍጹም አትንኩ።

6. በአርቲኬ የምትሠሩ ከሆነ ቤዙን ጠይቁ

በቅየሳ ሥራ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰዎች ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያዩት። ቤዝ የምንለው በታወቀ ነጥብ ላይ የቆመው ሪሲቨር ነው፤ ሮቨር ደግሞ ይዘነው የምንዞረው። አርቲኬ የሚሠራው የሮቨርን ልኬት ከቤዙ ልኬት ላይ በመቀነስ ነው። ቤዙ ያላየውን ሳተላይት ሮቨሩ ብቻውን ቢያየው ምን ከምን ይቀንሳል? ስለዚህ ሁለቱም የሚያዩት፣ በሁለቱም በአንድ ዓይነት ሞገድ የተለካው ብቻ ይሰላል።

እንዲህ ፈትሹ፦

ሀ. ቤዙ ልኬቱን ለሮቨሩ የሚልክበት ደንብ አርቲሲኤም ይባላል፤ ከቤዙ የሚመጡትን የአርቲሲኤም መልእክት ቁጥሮች እዩ። 1004 ጂፒኤስ፣ 1012 ግሎናስ ነው። እነዚህ ሁለት ብቻ ካሉ ጋሊልዮና ቤይዱ ለሮቨሩ አልተላኩለትም፤ 31 እያየ በ15 ቢያሰላ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በአዲሱ አሠራር 1074 ለጂፒኤስ፣ 1084 ለግሎናስ፣ 1094 ለጋሊልዮ፣ 1124 ለቤይዱ ይላካሉ። መጨረሻቸው በ7 የሆነ፣ ለምሳሌ 1077፣ ተመሳሳይ ይዘት በበለጠ ዝርዝር ይይዛል።

ለ. ቤዙ የራሳችሁ ከሆነ አራቱንም ሥርዓት ክፈቱ። በሬዲዮ የምትልኩ ከሆነ በ4 የሚያልቁትን ምረጡ። በ7 የሚያልቁት ከባድ ናቸው፤ ቀርፋፋ ሬዲዮ ይጨናነቅባቸውና ማረሚያው ይዘገያል፣ ያኔ ሁሉም ይወድቃል።

ሐ. የሁለቱን ሞገዶች አነጻጽሩ። ቤዙ ኤል 1ና ኤል 2፣ ሮቨሩ ኤል 1ና ኤል 5 ከሆነ የሚጋሩት ኤል 1ን ብቻ ነው። ርካሽ ሪሲቨር ስትገዙ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከተገዛ በኋላ መፍትሔ የለውም።

መ. ግሎናስ ብቻ የማይወሰድ ከሆነና ቤዙና ሮቨሩ የተለያየ ኩባንያ ሥሪት ከሆኑ፣ 1230 የሚባለው መልእክት መላኩን አረጋግጡ። የተለመዱት የግሎናስ ሳተላይቶች በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚያሰራጩት፤ እያንዳንዱ ኩባንያ መሣሪያው ውስጥ የሚፈጠረው መዛባትም ይለያያል። ማረሚያው ካልመጣ ሪሲቨሩ ግሎናስን መጣሉ ትክክል ነው።

ሠ. ቤዙ የቆመበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ጣራ ላይ ከውሃ ታንከር ጎን የተተከለ ቤዝ ግማሽ ሰማይ ተሸፍኖበታል፤ የእሱ ግርዶሽ ለሮቨሮቹ ሁሉ ግርዶሽ ነው።

7. የሚወጣ የሚገባውን ተዉት

አንድ ሳተላይት አሁን ተወስዶ፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ተጥሎ፣ ተመልሶ ሲወሰድ ካያችሁ፣ ሪሲቨሩ ከሌሎቹ ጋር እያስተያየው ነው። አምስት ሳተላይት ካለ አንዱ እንደተሳሳተ ማወቅ ይቻላል፤ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ለመጣል ግን ስድስት ያስፈልጋል። የተረፉት ሳተላይቶች ሥራቸው ይህ ነው። በእጃችሁ በግድ አታስገቡት።

8. የቀረው ይበቃ እንደሆነ ለዩ

አሁን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ታውቋል። የሚቀረው የተወሰዱት ይበቁ እንደሆነ ማየት ነው። የሰማይ ካርታው ላይ በአራቱም አቅጣጫ ተበትነዋል ወይስ አንድ ጎን ተሰብስበዋል? የሳተላይቶቹ አሰላለፍ ስሕተቱን ምን ያህል እንደሚያገዝፍ የሚነግረውን፣ ፒዶፕ የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ከ3 በታች ጥሩ ነው፣ ከ6 ካለፈ ነጥቡን አትውሰዱ። አንድ ጎን ከታጨቁ 16 ይልቅ ዙሪያውን የተበተኑ 9 ሳተላይቶች ይሻላሉ።

ከዚያ ኮኦርዲኔቱ የታወቀ ነጥብ ላይ ቁሙና ለኩ። ቀጥሎ አንቴናውን ገልብጣችሁ ሲግናሉን ሁሉ አስጥፉት፤ መልሳችሁ አቅኑትና እንደ አዲስ ፊክስ እስኪይዝ ጠብቁ፤ ያንኑ ነጥብ ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱ ፊክሶች ከተስማሙ ሥራ ጀምሩ። ለከባድ ነጥቦች ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ለኩ፤ ሳተላይቶቹ ቦታ ስለሚለውጡ ተላትሞ የመጣው ስሕተት በሁለተኛው ልኬት ላይ ራሱን ያጋልጣል።

ደብተር ላይ በእያንዳንዱ ጣቢያ ይህን አንድ መስመር ጻፉ፦ «ከጠዋቱ 3:40፣ ክትትል 31፣ ለስሌት 17፣ ማስክ 15፣ ፒዶፕ 1.8፣ ቤዝ ጂፒኤስና ግሎናስ ብቻ።» ከወር በኋላ ቢሮ ያለ ሰው ስለ አንድ ነጥብ ከፍታ ሲጠይቃችሁ መልስ የምታገኙት ከዚህ መስመር ነው።